የሸህ ጧሃ ጥንቸሎችና የሸምሲያ ጎመን

ቤቶቿ በድንጋይ ካብ ተያይዘው ከተራራው ወገብ እስከ ወንዙ ዳር በሚወርዱባት አንዲት የቆየች ከተማ ሸህ ጧሃ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ይህን ታሪክ ያጫወቱኝ ኡስታዜ የከተማዋን ስም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ከእርሳቸው አፍ የሰማሁትን ሳልጨምር ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ሸህ ጧሃ በወጣትነታቸው ኪታብ ፍለጋ ብዙ አገር ዞረዋል። ከዚያም ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመስጊዱ ጥግ ተቀምጠው ኪታብ ሲያስቀሩ ኖሩ። ሰባን ሲሻገሩ ግን ዓይናቸው ፊደል መለየት አቃተው። ማስቀራቱን ለደረሶቻቸው፣ ማለትም ላስተማሯቸው ልጆች፣ አስረከቡና ከቤታቸው ገቡ። ሰው ሁሉ «እንግዲህ ሸሁ ተስቢሕ ይዘው ይቀመጣሉ» ሲል እርሳቸው መቆፈሪያ ይዘው ጓሮ ወረዱ።

ነገሩን ያመጣው አንድ የድሮ ደረሳቸው ነው። ከሩቅ አገር ሊዘይራቸው ሲመጣ ሁለት ጥንቸሎች በቅርጫት ይዞላቸው መጣ፤ አንደኛው ነጭ፣ ሁለተኛዋ ዳለቻ። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ ሃያ ሆኑ። በከተማዋ ጥንቸል መብላት የተለመደ አልነበረምና ሰው መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ሸሁ ሥጋው ሐላል እንደሆነ ኪታብ አስገልጠው አስረዱ። ቀጥለው ባለቤታቸው ወይዘሮ መዲና የሠራችውን ትኩስ ሾርባ ለታመመ ጎረቤት ላኩ። ኡስታዜ እንዳሉኝ ከኪታቡ ይልቅ ሾርባው ብዙ ሰው አሳመነ። ከዚያ ወዲህ አራስ ያለችበት ቤት፣ ከበሽታ ያገገመ ሰው ያለበት ቤት፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ያለበት ቤት ሁሉ ከሸህ ጧሃ ጓሮ የሚደርሰው ነገር አያጣም ነበር። በምላሹ ምንም አይቀበሉም፤ «ዱዓ አድርጉልን» ብቻ ይላሉ።

ጥንቸል ማርባት ሊማር የሚመጣ ሰው ሲገጥማቸው ሸሁ እንስሳቱን አያሳዩትም። መጀመሪያ ጓሮውን ያዞሩታል። «ጥንቸል አረባለሁ ብለህ አትጀምር» ይሉታል፤ «ቅጠል አበቅላለሁ ብለህ ጀምር።» ከግድግዳው ሥር በታጨደ ቁጥር እንደገና የሚያቆጠቁጥ አልፋልፋ ነበራቸው። ከእርሱ ቀጥሎ የካሮት መደብ አለ፤ ሥሩ ለሰው፣ ቅጠሉ ለጥንቸል። የጎመኑ ለጋ ቅጠል ለወይዘሮ መዲና ድስት ሲሄድ፣ የውጭው ጠንካራ ቅጠል ለጥንቸሎቹ ይቀራል። የስኳር ድንቹ ሐረግ ተቆርጦ ይሰጣቸዋል፤ ድንቹ ከመሬት ውስጥ ሰውን ይጠብቃል። የቲማቲምና የድንች ቅጠል ግን ይመርዛቸዋልና አያስጠጉባቸውም። ጠዋት የታጨደውን አልፋልፋም ጠሉ እስኪደርቅ ጥላ ላይ ዘርግተው ጠውለግ ሲል ነው የሚሰጧቸው፤ እርጥቡን ከበሉ ሆዳቸው ይነፋል። ከቤታቸው ሥር የተጠረገው ፋንድያ ደግሞ ተመልሶ ወደ መደቡ ይገባል።

ወይዘሮ መዲና ይህን ሁሉ እያየች ትስቅ ነበር። «እኔንስ ምነው አንድ ቀን ጥላ ላይ አስቀምጠው እንዲህ ቢያገላብጡኝ!» ትላቸዋለች።

«አንቺማ ጠውልገሽ አታውቂም» ብለው ያሳልፏታል።

ከሸሁ ቤት ዝቅ ብሎ ኑርዬ የሚባል ፍየል አርቢ ይኖራል። ልቡ ክፉ አልነበረም፤ ምላሱን ግን መያዝ አያውቅበትም። ሸህ ጧሃን «ሸህ ጥንቸል» ብሎ የሰየማቸው እርሱ ነው። ስሙ ቶሎ ተያዘ። ገበያ ላይ ሳይቀር «ሸህ ጥንቸል አለፉ» የሚል ሰው በዛ። ኑርዬ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ያን ሁሉ ኪታብ የቀሩ ሰው ለረጃጅም ጆሮ ሣር አጫጅ ሆነው ቀሩ!» እያለ ያስቃል። ሸሁ ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። ነገር ግን እርሳቸውም ሰው ናቸውና ቅር እንደሚላቸው ወይዘሮ መዲና ታውቃለች፤ እንዲህ በተባሉ ቀን ሳይናገሩ ብዙ ይቆፍራሉ።

በሸሁ ጓሮ ግድግዳ ወዲያ ደግሞ ሸምሲያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንዲት ልጅ ብቻ አላት፤ ስሟ ሰፊያ። የሰፊያ ኒካህ ለሐሙስ ተቆርጧል። ሸምሲያ «የልጄን ድግስ የሰው እጅ ሳላይ እደግሳለሁ» ብላ በልቧ ነይታ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከወንዝ ውኃ እየተሸከመች ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ አልምታለች። ጓሮዋ ከሸሁ ጓሮ ያነሰ ነው፤ ግን እንደዚያ የተጠበቀ መሬት በከተማዋ አልነበረም። አንዲት ቅጠል ቢጫ ብትሆን ስሟን ጠርታ የምታለቅስላት ይመስል ነበር ይላሉ ኡስታዜ።

እሑድ ጠዋት ሰው ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ የሸምሲያ ጩኸት ሰፈሩን አነቃነቀው። «ኑ ልጄን እዩልኝ! ድግሷን በሉባት!»

ሰው ግር ብሎ ገባ። ሰላጣው ከሥሩ ተግጧል። ካሮቱ ቅጠል አልባ ሆኖ ራስ ራሱ ብቻ ከአፈር ብቅ ብሏል። ጎመኑ አገዳውን ይዞ ቆሟል። ከሳምንት በፊት የኑርዬ ፍየል አጥር ጥሳ ገብታ ነበርና የሰኮናዋ ምልክት ከወዲያኛው በኩል ገና አልጠፋም። መሬቱ ላይ ደግሞ ድብልብል ያለ በጠጥ ተበትኗል። ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ አልነበረም። «የኑርዬ ፍየሎች ናቸው!» አለ አንዱ። «ሌላ ማን ይሆናል?» አለ ሌላው። ኑርዬ ተጠርቶ መጣ።

«ወላሂ ፍየሎቼ ታስረው ነው ያደሩት! እኔው በእጄ ነው ያሰርኳቸው!» አለ።

ማንም አላመነውም። ሲያስቅ የኖረ ሰው በቁም ነገር ሲምልም የሚቀልድ መሰላቸው።

ሸህ ጧሃ ከሰዉ ኋላ ቆመው ነበር። ጎንበስ ብለው ከበጠጡ አንዷን አነሡና በጣታቸው ፈረከሷት። እንደ ደረቅ ሣር ብን አለች። የፍየል በጠጥ እንዲህ አይበተንም። ዓይናቸው ቢደክምም ጣታቸው ይህን ነገር በየቀኑ ያውቀዋል። ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከቤታቸው እንደ ደረሱ ማታ ያጨዱትን አልፋልፋ ለጥንቸሎቹ ሰጡ። በሌላ ቀን እግራቸው ሥር የሚራኮቱት ያን ዕለት ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ሆዳቸውን ሞልተው ተጋድመዋል። ሸሁ በእጃቸው እየዳበሱ ግድግዳውን ዞሩት። ከአንድ ጥግ፣ ከዳለቻይቱ ቤት ኋላ፣ ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ አገኙ። አፈሩ አዲስ ነው። እጃቸውን ሰደው ሲስቡ አንዲት የሰላጣ ቅጠል ይዞ ወጣ። እርሳቸው ሰላጣ ዘርተው አያውቁም።

ሸሁ ሌላ እንዳይወጣ ብለው ትልቅ ድንጋይ አንከባለሉ። ከጉድጓዱ አፍ ሲያደርሱት ግን እጃቸው ቆመ። ድንጋዩ ጥንቸሎቹን ብቻ አይደለም የሚዘጋው፤ ነገሩንም ይደፍነዋል።

ወይዘሮ መዲና ከኋላቸው ቆማ ሁሉንም አይታለች። ቀስ ብላ «ይድፈኑት ግድ የለም» አለች። «እኛ ጎመንም ካሮትም አለን። ለሰፊያ ኒካህ ስጦታ ብለን እንላክላት። ሸምሲያም ትካሳለች፣ እርስዎም ከሰው ፊት አይዋረዱም።»

«ኑርዬስ?» አሉ ሸሁ።

«ኑርዬ እርስዎን ምን ምን ሲል ነው የኖረው?» አለች መዲና።

«የፈራሁት እርሱን ነው» አሉ ሸህ ጧሃ። «የማላውቀው ሰው ቢሆን ዝም ማለቴ ሐፍረት ነው ይባላል። በኑርዬ ላይ ዝም ካልኩ ግን ደስ እያለኝ ነው ዝም የምለው። ያንን አላህ ያየዋል፤ እኔም አየዋለሁ።»

ወይዘሮ መዲና ጎንበስ አለችና ድንጋዩን አብራቸው ወደ ኋላ አንከባለለች።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ በመስጊዱ ደጅ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢያቸው ሐጂ ሙዘይን ነበሩ፤ እምባቸው ቅርብ የሆነ፣ ሰው ማስታረቅ የሚወዱ ሰው። ኑርዬ መሐል ላይ ቆሟል። ሸምሲያ ዳር ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

ሐጂ ሙዘይን ጉሮሯቸውን ጠርገው ፍርዱን ተናገሩ። «ኑርዬ፣ ይህች ሴት የምትደግሰው አጥታለች። ጎመኑ ተመልሶ እስከ ሐሙስ አይበቅልም። ከፍየሎችህ ያቺን የምትታለበውን ለድግሱ ታርዳለህ። ነገሩም በዚህ ይለቅ።»

ኑርዬ ፊቱ ተለዋወጠ። ሚስቱ መንታ ከወለደች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ የእርሷ ጡት ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አልበቃም። ሌላኛው ሕፃን ያደገው በዚያች ፍየል ወተት ነው። ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ሲያስቅ የለመደው ምላሱ ያን ዕለት አልታዘዘውም። ዓይኑ ብቻ ቀላ።

ሸህ ጧሃ ብቅ ያሉት በዚህ መሐል ነው። በጋቢያቸው ውስጥ የያዙት ነገር ይንቀሳቀሳል። ሰላምታ አቅርበው ደረጃው ሥር ቆሙ።

«ፍርዱን አቁሙልኝ» አሉ። «ጥፋተኛዋን ይዣት መጥቻለሁ።»

ጋቢያቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ብቅ አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሸሁ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና «የሸምሲያን ጎመን የበሉት የኔ ጥንቸሎች ናቸው። ይህች ዳለቻ በግድግዳው ሥር ቆፍራ ሁሉንም መርታ አስገብታቸዋለች። የኑርዬ ፍየሎች የሉበትም። ካሳውም የኔ ነው፣ ወቀሳውም የኔ ነው» አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሸሁ ጨርሶ አልጠበቁትም። ሐጂ ሙዘይን መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሱብሐነላህ!» አሉ። «አያችሁ ሰዎች? የሰደባቸውን ሰው ከፍርድ ሊያድኑ ይህችን ምስኪን እንስሳ ይወነጅላሉ! ሰብር፣ ትዕግሥት ማለት ይህ ነው! እኛ እንዲህ ያለ ልብ መቼ ይኖረን ይሆን?»

«ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አለ ሰዉ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው የሸሁን ትከሻ ሳሙ። ከኋላ «እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሁሉ የሚገርመው ኑርዬ ራሱ አመነ። ጉልበታቸው ሥር ወድቆ «ሸሁ፣ እኔ ይህ አይገባኝም! እርስዎን ስሰድብ ኖሬ ለኔ ይዋሻሉ? ግን ወላሂ እኔም አላደረግኩትም» እያለ አለቀሰ።

ሸህ ጧሃ ግራ ገባቸው። «ኧረ እውነቴን ነው» አሉ። እርሳቸው እውነቴን ነው ባሉ ቁጥር ሰዉ ይበልጥ ያደንቃል። «ትሕትናቸውን እዩ!» ይላል። «ምስጋና እንኳ አይቀበሉም!» ይላል። ሐጂ ሙዘይንማ «ሸሁ ለእርስዎ ስንል የፍየሏን ፍርድ እናቀልለታለን፤ ጥፋቱ ግን የኑርዬ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን» አሉ።

ያን ጊዜ በከተማዋ ማንም አይቶት የማያውቀው ነገር ታየ። ሸህ ጧሃ ተቆጡ። በትራቸውን ከድንጋዩ ጋር አጋጩት። ዳለቻይቱ ደንግጣ ጋቢያቸው ውስጥ ተሸሸገች።

«አታመስግኑኝ!» አሉ። «እምቢ ካላችሁ ሁላችሁም ተነሡ። ቤቴ እንሂድ።»

ሰዉ ሁሉ እየተጠራራ ተከተላቸው። ሸሁ ሐጂ ሙዘይንን፣ ሸምሲያንና የሚበዛውን ሰው ከግድግዳው ወዲያ፣ በሸምሲያ ጓሮ፣ እንዲቆሙ አደረጉ። ራሳቸው ኑርዬንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዘው በእርሳቸው ጓሮ በኩል ጉድጓዱ ዘንድ ተቀመጡ። «ቢስሚላህ» ብለው ዳለቻይቱን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ለቀቋት። ጭራዋን አሳይታ ገባች።

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ቆሞ ጠበቀ። ምንም የለም። ጥቂት ቆየ፤ አሁንም ምንም የለም። አንዱ ሳል አለ። ሐጂ ሙዘይን ለሸምሲያ ዝቅ አድርገው «ሸሁ አያድርገውና ደክሟቸዋል» አሏት። ከግድግዳው ወዲህ ኑርዬ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እድሜውን ሁሉ ከልቡ ዱዓ አድርጎ አያውቅ ይሆናል፤ ያን ዕለት ግን ለአንዲት ጥንቸል አደረገ።

ከተጋጡት የጎመን አገዳዎች መሐል፣ ጠዋት የሰው እግር ረግጦ ከደፈነው ቦታ፣ ትንሽ አፈር እብጥ አለ። ከዚያ አንድ ጆሮ ወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ዳለቻይቱ አፈሯን አራገፈች፣ ሰዉን ሁሉ ከቁብ ሳትቆጥር ወደ አንዲት የተረፈች የጎመን ቅጠል ሄደች፣ ከሐጂ ሙዘይን እግር ሥር ተቀምጣም መብላት ጀመረች።

መጀመሪያ የሳቀችው ሸምሲያ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅስ የዋለው ፊቷ እንደተበላሸ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ሰርገኛ!» አለቻት። «ሙሽራዋ ሳትወጣ ድግሱን ጨርሰሽ አሁን ደግሞ ትርፍራፊ ልትለቅሚ መጣሽ?» ሰዉም ተከትሏት ሳቀ። ሳቁ ግድግዳውን ተሻግሮ ሲሰማ ኑርዬ ዓይኑን ገለጠና «ወጣች?» አለ። «ወጣች» አሉት ሸሁ። ኑርዬ መሬት ላይ ተዘረጋ።

ሁሉም በሸምሲያ ጓሮ ሲሰበሰብ ሸህ ጧሃ በመጀመሪያ ወደ ኑርዬ ዞሩ። «ኑርዬ፣ አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ» አሉት። «ነገሩን ያወቅኩት በጠዋት ነው። እስከ ዙህር ድረስ አንተ በሰው አፍ ስትገላበጥ እኔ ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር። ድንጋይም አንከባልዬ ነበር። ያቺን ግማሽ ቀን አፉ በለኝ።»

ኑርዬ እጃቸውን ያዘ። «አፉ ብያለሁ ሸሁ። እኔን ደግሞ ያቺን ስም ስላወጣሁብዎት አፉ ይበሉኝ።»

«ስሙንማ ተወው» አሉ ሸሁ ፈገግ ብለው። «ዛሬስ እውነት ሆነ።»

ሐጂ ሙዘይን መሐረባቸውን እንደገና አወጡ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ኑርዬን አፉ አስባሉ፤ ጠዋት ሲጮኹበት የነበሩትም ተሰልፈው አፉ በለን አሉት። ኑርዬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ስለማያውቅ የሚሆነው ጠፍቶት እያንዳንዱን «አንተም አፉ በለኝ» ይለው ጀመር፤ ለምን እንደሆነ ባያውቅም።

ሸህ ጧሃ ቀጥለው ለሸምሲያ «ጓሮዬ ከዛሬ ጀምሮ የአንቺ ነው። ጎመኑንም ካሮቱንም ንቀይ፤ ለጋ ለጋውን ምረጪ። ሰላጣ ግን የለኝም፤ እርሱን አፉ በይኝ» አሏት።

«ጥንቸሎቹስ ምን ሊበሉ ነው?» አለች ሸምሲያ።

«ተራራው ሣር አለው። እኔም እግር አለኝ።»

ሸምሲያ የሰው እጅ ላለማየት የነየተች ሴት ነበረችና ትንሽ አመነታች። ወይዘሮ መዲና ግን ክንዷን ይዛ «ይህ ስጦታ አይደለም፤ ሐቅሽ ነው። ሐቅ ደግሞ አያሳፍርም» ብላ ወደ ጓሮው አስገባቻት።

ሰኞ ማለዳ ሸህ ጧሃ ማጭድና ጆንያ ይዘው ከበር ሲወጡ ኑርዬ የራሱን ማጭድ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኙት። «የሣሩን ቦታ እኔ ነኝ የማውቀው» አለ። ወደ ተራራው አብረው ወጡ። ኑርዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ፍየል ሲከተል ስላደገ የማያውቀው ቅጠል አልነበረም። ከምንጩ በላይ ማገጥ የሚባለው ሣር በዝቶ የበቀለበትን ጥግ አሳያቸው፤ ሆድ የሚያሳምመውንና የማያሳምመውን ለየላቸው። ሸሁ እንደ ደረሳ እየጠየቁ፣ እያሸተቱ፣ ስሙን እየደጋገሙ ይማሩ ነበር።

«ኪታብ ፍለጋ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አለፍኩ መሰለህ» አሉት። «ይህን ሁሉ ረግጬው ነው የሄድኩት።»

«እኔም ጥንቸሎቹን ስስቅባቸው ኖርኩ» አለ ኑርዬ። «ለካ የሚመርጡት የኔ ፍየሎች የሚመርጡትን ነው።»

እስከ ረቡዕ በየማለዳው አብረው ወጡ። በሦስተኛው ቀን ኑርዬ ሁለት እፍኝ ማገጥ ከነሥሩ ነቅሎ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና በሸሁ ግድግዳ ጥግ ተከለው። ጉድጓዱን ደግሞ ከሸሁ ጋር ሆነው በትላልቅ ድንጋይ ደፈኑት፤ አሁን የሚደበቅ ነገር ስላልነበረው መድፈን ብቻ ነበር።

ሐሙስ የሰፊያ ኒካህ ሆነ። ዱዓውን እንዲያደርጉ የተጠየቁት ሸህ ጧሃ ነበሩ። ድግሱ ሞላ። ጎመኑ እንዲያውም ተረፈ፤ ምክንያቱም ሰዉ የነገሩን ታሪክ ሰምቶ እያንዳንዱ ቤት ከጓሮው ጥቂት ጥቂት ይዞ መጥቶ ነበር፤ አንዷ ሴት የሰላጣ ቅርጫት ተሸክማ ስትገባ ሸምሲያ እልል አለች። ካሮት ሲከተፍ የተረፈው ቅጠል ሁሉ በጆንያ ታስሮ ለጥንቸሎቹ ተላከ። የኑርዬ ሚስት መንታዎቿን ይዛ መጥታ ነበር፤ ያቺ ፍየል ከደጅ ታስራ ትታለባለች።

ምግብ ሲነሣ ሐጂ ሙዘይን ሲያብላሉት የሰነበቱትን ጥያቄ አመጡ። «ሸሁ፣ ጥንቸሎቹ በሉ፤ እርስዎም ተናገሩ። ይህ ገባኝ። ግን ስናመሰግንዎት ለምን እንደዚያ ተቆጡ? ስንወቅስዎት እንኳ የማይቆጡ ሰው ነዎት።»

ሸህ ጧሃ እጃቸውን ታጥበው ሲጠርጉ ነበር። ፎጣውን አጥፈው አስቀመጡና «ሐጂ ሙዘይን» አሉ፤ «እናንተ እኔን ደግ ያደረጋችሁኝ ኑርዬን ጥፋተኛ አድርጋችሁ ነው። ከወንድሜ ስም ተቆርጦ የተሰፋልኝን ምስጋና ለብሼ ሶላት እንዴት እቆማለሁ?»

ኡስታዜ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱልኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመልሼ አስቤበታለሁ። ጥፋትን መናገር ከባድ ነው ሲባል ሰምተናል፤ ብዙዎቻችንም አንድ ሁለት ጊዜ ሞክረነዋል። ሸሁ የገጠማቸው ግን ከዚያ የሚያልፍ ነገር ነው። እውነቱን ተናግረዋል፤ ሰዉ አላመነም። ያን ጊዜ «እኔ ተናግሬያለሁ፣ የቀረው የነርሱ ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ውሸት አልተናገሩም። ክብራቸውም ከበፊቱ ከፍ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ኑርዬ ግን ጥፋተኛ እንደተባለ ይቀር ነበር። ሐቅን አፋችን መናገሩ ብቻ አይበቃም፤ ሐቁ ወደ ባለቤቱ እስኪደርስ ድረስ መከተል አለብን ማለት ነው።

ስለ ራሴ ከተናገርኩ፣ ሰዎች ባልሠራሁት በጎ ነገር ሲያመሰግኑኝ አንገቴን ደፍቼ ዝም ያልኩባቸው ቀናት አሉ። ዝምታዬን ትሕትና ብለው ደግመው አመሰገኑኝ፤ እርሱንም ተቀበልኩ። ያ ምስጋና ከማን ላይ እንደተቆረጠ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ምናልባት ሥራውን የሠራ ሌላ ሰው ነበረ፤ ምናልባትም በኔ ፈንታ የተወቀሰ። አላህ ያልሠራንበትን ምስጋና የምንመልስበት ድፍረት ይስጠን፤ በኛ ምክንያት ስማቸው የጎደለባቸውንም ሰዎች ሳይመሽብን አግኝተን አፉ የምናስብል ያድርገን።